ማሳየት ሌላ፤ መሸጥ ሌላ

የኤግዚቢሽን ሰዎች ስለሚነጋገሩባቸው ቃላት

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። ይህ አነጋገር ስለ ሰው ስም የተነገረ ነው እንጂ ስለ ንግድ ሥራ አይደለም። የንግድን ስም የሚያወጣው ነጋዴው ራሱ ነው፤ ስሙም በውል ወረቀት ላይ ከሠፈረ በኋላ እንደ ሕግ ይጸናል። ስለዚህ ማንም ሰው ፊርማውን ከማኖሩ በፊት የእያንዳንዱን ቃል ትርጉም ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል። ቃሉን ሳይረዳ ከፈረመ በኋላ «እኔ የመሰለኝ እንዲህ ነበር» ቢል የሚሰማው የለም።

ይህን የምንለው ዛሬ በአገራችን እየበዛ ስለ ሄደው ስለ ኤግዚቢሽን ሥራ ነው። ኤግዚቢሽን እንደ ፍርድ ቤትና እንደ ሐኪም ቤት ሁሉ የራሱ ቋንቋ አለው። ከቃላቱ ብዙዎቹ ከውጭ አገር የመጡ ናቸው፤ የሚያመለክቱት ነገር ግን በእኛ በባላገሩ ቤት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በዛሬው ጽሑፋችን ከነዚህ ቃላት ዋና ዋናዎቹን እየመረጥን፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፤ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚሠሩ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች፤ ነገም ይህንኑ ሥራ ለሚረከቡ ተማሪዎች በሚጠቅም አኳኋን እንገልጻለን።

ሦስቱ ከተሞችና የአዲስ አበባ አዳራሽ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ የሚወጣ ሰው ሰበታን፤ በአምቦ መንገድ የሚወጣ ቡራዩን፤ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የሚወርድ ደግሞ ሱሉልታን ያገኛል። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ሰበታ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከተመሠረተው ከሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ጀምሮ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የወተት ማቀነባበሪያና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም አይታለች። ቡራዩ የገፈርሳ ውሃ ጎረቤት ስትሆን፤ ሱሉልታ በሰፊው ሜዳዋ ሣር፤ በላሞቿ ወተትና በታሸገ ውሃ ትታወቃለች።

እነዚህ ከተሞች የሚያመርቱትን በብዛት የሚገዛው ሰው የሚሰበሰበው አዲስ አበባ ነው። የመስቀል አደባባዩ ኤግዚቢሽን ማዕከል፤ በ2000 ዓ.ም. ለሚሌኒየም በዓል የተሠራው የቦሌው አዳራሽ፤ በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ ዓለም አቀፍ ኮንቬንሽን ማዕከል፤ ሁሉም ሠሪንና ገዢን ባንድ ጣሪያ ሥር ለማገናኘት ያገለግላሉ። ታዲያ አንድ የከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት «አምራቾቻችሁን ይዛችሁ ኑ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው፤ ደብዳቤውን አንብቦ ቦታ የሚከራየው፤ ማኅበራቱን የሚመርጠው፤ ውሉንም ለኃላፊው ፊርማ የሚያቀርበው ብዙ ጊዜ አንድ ወጣት ሠራተኛ ነው። የሌሎች ሰዎች ገንዘብና ተስፋ በእጁ ያለ በመሆኑ ቃላቱን ማወቅ ለሱ ጌጥ ሳይሆን ግዴታ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ጊዜ ነው።

ስሞቹ ከየት መጡ?

በአገራችን ለዚህ ሥራ የምንጠቀምባቸው ስሞች ብዙ ናቸው፤ ኤግዚቢሽን፤ ዐውደ ርእይ፤ የንግድ ትርዒት፤ ኤክስፖ፤ ባዛር። ሰው ሁሉ እያቀያየረ ይጠራቸዋል። ነገር ግን ሥራቸውን ስንመረምር በሁለት ጎራ ይከፈላሉ።

«ኤግዚቢሽን» ከላቲን የመጣ ሆኖ «አውጥቶ ማሳየት» ማለት ነው። «ትርዒት» እና «ርእይ» ደግሞ «ርእየ» ከሚለው ግሥ የወጡ ናቸው፤ ትርጉሙም «አየ» ነው። በነዚህ ከተሞች ጽሕፈት ቤቶች የሚሠራበት የኦሮምኛ ቋንቋም «አገርሲሳ» ሲል «አገርሲሱ» ከሚለው፤ «ማሳየት» ከሚል ቃል የወጣ ነው። ስለዚህ ላቲኑም፤ ግዕዙም፤ ኦሮምኛውም በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ የሥራው መሠረት ዓይን ነው፤ ማየትና ማሳየት ነው።

«ባዛር» ግን የፋርስ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ገበያ ነው። መሠረቱ ዓይን ሳይሆን እጅ ነው፤ እጅ ብር ይሰጣል፤ እጅ ዕቃ ይቀበላል። እንግዲህ በአገራችን «ኤግዚቢሽንና ባዛር» እየተባለ ባንድ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ፤ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ባንድ ቀንበር ተጠምደዋል ማለት ነው።

«ዐውደ ርእይ» የሚለውንም እንመልከት። «ዐውድ» ዙሪያ፤ አደባባይ ማለት ነው። እህል የሚወቃበት «ዐውድማ» የዚሁ ዘመድ ነው፤ በዓል የምንልበት «ዐውደ ዓመት» ደግሞ የዓመት ዙሪያ ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ የእንቁጣጣሽ፤ የገናና የፋሲካ ዋዜማ ባዛር የሚቆምበት ዐውደ ዓመትና ምርት የሚታይበት ዐውደ ርእይ በስማቸው ወንድማማቾች ናቸው። ወንድማማቾች ግን አንድ ሰው አይደሉም።

በዓልና ገበያ መገናኘታቸው የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። እንግሊዞች የንግድ ትርዒትን «ፌር» የሚሉት በላቲን የበዓል ቀን ከሚባለው ቃል አውጥተው ነው። ጀርመኖችም «ሜሴ» ሲሉ ቅዳሴ ለማለት ከሚጠቀሙበት ቃል ጋር አንድ ነው፤ ሕዝቡ ለክብረ በዓል ሲሰበሰብ ነጋዴውም በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዕቃውን ይዘረጋ ነበርና።

ከዕቃ ወደ ናሙና

የጀርመኗ ከተማ ላይፕዚግ እ.ኤ.አ. በ1497 ከንጉሥ ማክሲሚሊያን ልዩ የገበያ መብት ተቀብላ ለብዙ መቶ ዓመታት ነጋዴ ሲጎርፍባት ኖረች። በዚያ ዘመን ነጋዴው ዕቃውን ሁሉ በጋሪ ጭኖ መጥቶ፤ ሸጦ፤ ባዶ ጋሪውን ይዞ ይመለስ ነበር። ይህ ከባዛር የተለየ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን ከተማ ሃይድ ፓርክ በተባለው ሜዳ ላይ ከብረትና ከመስተዋት በተሠራው ታላቅ አዳራሽ የዓለም ሥራ ሁሉ ተሰብስቦ ታየ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት 6 ሚሊዮን ያህል ጊዜ በሩ ለጎብኚ ተከፈተ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግን አዘጋጆቹ በሚታየው ዕቃ ላይ ዋጋ እንዳይለጠፍ መከልከላቸው ነው። «ተመልከቱ፤ አወዳድሩ፤ ተማሩ» ማለታቸው ነበር። ማሳየት ከመሸጥ ተለይቶ ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑ በይፋ የታየው በዚህ ጊዜ ነው።

ላይፕዚግም እ.ኤ.አ. በ1895 የቀድሞ ልማዷን ለውጣ የናሙና ትርዒት ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ነጋዴው ሺህ ሰሃን ተሸክሞ መምጣቱ ቀርቶ አንድ ሰሃን ይዞ መጣ፤ አንዱን አሳይቶ የሺህ ትእዛዝ ተቀበለ። ባቡርና ፋብሪካ በተስፋፋበት ዘመን ዕቃው ከፋብሪካው በቀጥታ ለገዢው ሊላክ ስለሚችል ሁሉን ማጓጓዝ አላስፈላጊ ሆኖ ነበር። የዛሬው የንግድ ትርዒት የተወለደው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ደግሞ 20 የአውሮፓ የንግድ ትርዒቶች በሚላኖ ተሰብስበው ዛሬ «ዩፊ» የሚባለውን ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ። ይህ ማኅበር ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ የአዘጋጆችን ቁጥር በመርማሪ እንዲረጋገጥ መጠየቅ ነው።

ቁጥር መመርመር ለምን አስፈለገ? አንድ ሰው ለሦስት ቀን ቢመላለስ ሦስት ጎብኚ ነው ወይስ አንድ? ላይ ስለ ለንደን የጠቀስነው 6 ሚሊዮንም የጉብኝት ቁጥር ነው እንጂ የሰው ቁጥር አይደለም። አዘጋጁ «100 ሺህ ጎብኚ ይጠበቃል» ሲል፤ ወጣቱ ሠራተኛ «የበር ቆጠራ ነው ወይስ የሰው? ከነሱስ ለድርጅቱ የሚገዛ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የውጭ አገር ሰዎች ተራውን ተመልካች «ጎብኚ»፤ ለመግዛት ሥልጣን ያለውን ደግሞ «ገዢ» እያሉ ለይተው የሚመዘግቡት ስለዚህ ነው።

በእኛም አገር የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ዓለም አቀፍ የንግድ ትርዒት የሚያዘጋጅ ሆኗል። ትርዒቱ ሁሉን ዓይነት ምርት የሚያሳይ ከሆነ በሙያው ቋንቋ «አግድም» ይባላል፤ ሳሙናም፤ ትራክተርም፤ ጨርቅም ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንድን ዘርፍ ብቻ ከሥር እስከ ጫፍ የሚያሳየው ደግሞ «ቀጥ ያለ» ይባላል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የአበባና የአትክልት አምራቾች የሚሰበሰቡበት ሆርቲፍሎራ ነው፤ እዚያ ከአበባ ሌላ ዘሩም፤ የመስኖ ቱቦውም፤ ማሸጊያ ካርቶኑም ይታያል። በአግድሙ ትርዒት ብዙ ሰው ያያል፤ በቀጥ ያለው ግን ጥቂት ሆኖ የሚገዛ ሰው ይመጣል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የያዙት ምርት ነው።

ዳሱና ዓይነቶቹ

በአዳራሹ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የሚሰጠው ስፍራ «ቡዝ» ወይም «ስታንድ» ይባላል። ቡዝ የሚለው እንግሊዝኛ በጥንት ዘመን ጊዜያዊ መጠለያን የሚያመለክት ነበር፤ እኛ «የዳስ በዓል» የምንለውን የኦሪት በዓል እነሱ «የቡዝ በዓል» ይሉታል። ስለዚህ ቡዝ ማለት ዳስ ነው። ለሠርግ ዳስ የጣለ ሰው የኤግዚቢሽንን ሥራ ግማሹን ያውቃል፤ ቦታ ለክቶ፤ እንጨት አቁሞ፤ እንግዳ ተቀብሎ፤ ሲያበቃ አፍርሶ ይሄዳልና።

ብዙ ስታንዶች ባንድ አገር ወይም ባንድ ከተማ ስም ሲሰበሰቡ «ፓቪሊዮን» ይባላል። ቃሉ በላቲን ቢራቢሮ ከሚባለው የመጣ ሲሆን፤ የድንኳን መዘርጋት ክንፍ ስለሚመስል ድንኳን ማለት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1967 በካናዳ፤ በሞንትሪያል ከተማ በተደረገው የዓለም ኤክስፖ የኢትዮጵያ ፓቪሊዮን የተሠራው በእውነትም በድንኳን መልክ ነበር። ሰበታ፤ ቡራዩና ሱሉልታ ባንድ የከተማ አስተዳደር ስም አብረው ቢቀርቡ ያ ስፍራ የሸገር ፓቪሊዮን መሆኑ ነው።

ዋጋው የሚቆጠረው በካሬ ሜትር ነው። የተለመደው ትንሹ ስታንድ 3 በ3፤ ማለት 9 ካሬ ሜትር ይሆናል። ነገር ግን ውል የሚፈርም ሰው ሁለት ቃላትን መለየት አለበት። አንደኛው «ባዶ ቦታ» ነው። ይህ ማለት በኖራ መስመር የታጠረ ወለል ብቻ ነው፤ ግድግዳ፤ ምንጣፍ፤ መብራት፤ ወንበር የለውም። ሁለተኛው «ሼል ስኪም» የሚባለው ዝግጁ ስታንድ ነው። እዚህ ላይ አዘጋጁ ግድግዳውን ያቆማል፤ ምንጣፍ ያነጥፋል፤ የድርጅቱን ስም በፊት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ እንደ ውሉም ጠረጴዛ፤ ወንበር፤ መብራትና የኤሌክትሪክ መሰኪያ ይጨምራል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የሰበታ ፋብሪካ እናስብ። የሂሳብ ሹሙ ሁለት ዋጋ ቀርቦለት ርካሹን መረጠ፤ 18 ካሬ ሜትርም ተከራየ። በመክፈቻው ዋዜማ ሰዎቹ መኪና ጭነው ሲደርሱ በወለል ላይ ከተሠመረ መስመር በቀር አንዳች አላገኙም። የተከራዩት ባዶ ቦታ ነበራ! በዚያ ሌሊት አናጢ፤ ቀለም ቀቢና ኤሌክትሪክ ሠሪ በጥድፊያ ሲፈለግ፤ ርካሽ የተባለው ከውዱ በልጦ ይገኛል። ባዶ ቦታ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ትልልቅ ድርጅቶች እንደ ፈቃዳቸው ለማስጌጥ ሲሉ የሚመርጡት እሱን ነው። ችግሩ መምረጡ አይደለም፤ ምን እንደ መረጡ አለማወቁ ነው።

የስታንዱ አቀማመጥም ስም አለው፤ ስሙን የጂኦግራፊ ተማሪ በቀላሉ ይይዘዋል። ግራ ቀኙና ጀርባው ተዘግቶ አንድ ፊቱ ብቻ ለመተላለፊያው የተከፈተው «የተርታ» ነው። በሁለት በኩል የተከፈተው «የማዕዘን»፤ በሦስት በኩል የተከፈተው «ባሕረ ገብ»፤ በአራቱም አቅጣጫ ሰው የሚዞርበት ደግሞ «ደሴት» ይባላል። እዚህ ባሕሩ የጎብኚው ሕዝብ ነው። ባሕሩ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ሁሉም በአዳራሹ «የወለል ፕላን» ላይ በቁጥር ተጽፎ ስለሚገኝ፤ ፕላኑን ሳያዩና በሩ፤ የምግብ አዳራሹ፤ ምሰሶው የት እንዳለ ሳይጠይቁ ቦታ መያዝ መሬት ሳያዩ ቤት እንደ መግዛት ነው።

የመትከያና የመንቀያ ቀን

በትርዒት መርሐ ግብር ላይ ሦስት ዓይነት ቀን ይጻፋል። «የመትከያ ቀን» ስታንዱ የሚሠራበትና ዕቃው የሚገባበት ነው፤ «የትርዒት ቀን» ሕዝብ የሚገባበት፤ «የመንቀያ ቀን» ደግሞ ሁሉ ፈርሶ የሚወጣበት። መንቀል የሚጀመረው መዝጊያው ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በመጨረሻው ቀን ከቀትር በኋላ ሰው ቀነሰ ብሎ ዕቃውን መሰብሰብ የጀመረ ተሳታፊ በብዙ ትርዒቶች ቅጣት ይከፍላል። ከቅጣቱም የሚከፋው፤ ሌላውን ሁሉ ዞሮ አይቶ በመጨረሻው ሰዓት ለመወሰን የሚመለስ ገዢ ባዶ ጠረጴዛ ማግኘቱ ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ማለት ይኸው ነው።

አዘጋጁ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የሚሰጠው ወፍራም ወረቀት «የተሳታፊ መመሪያ» ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ወረቀት ከመሳቢያ ይከተዋል። ነገር ግን የውሃ፤ የኤሌክትሪክ፤ የወንበርና የጽዳት ማዘዣ ቅጾች ያሉት፤ እያንዳንዱም ቅጽ የሚያበቃበት ቀን የተጻፈው በሱ ውስጥ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ያዘዘ ሰው ጭማሪ ይከፍላል ወይም ጭራሹን ያጣል።

እዚህ ላይ አንድ የሱሉልታ የወተት ማኅበር እናስብ። ማኅበሩ እርጎ፤ አይብና ቅቤ በማቀዝቀዣ ይዞ ቀረበ እንበል። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም አማረ። ማታ አዳራሹ ሲዘጋ ኤሌክትሪኩ እንደ ደንቡ ተቋረጠ፤ በማግስቱ ጧት ማቀዝቀዣው ሲከፈት ሽታው ጎብኚን የሚያባርር ሆነ። በመመሪያው ላይ ግን «የ24 ሰዓት ኤሌክትሪክ» የሚል አንድ መስመር ነበረ፤ ጥቂት ብር ተጨምሮ ምልክት ቢደረግበት ኖሮ ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራ ነበር። አንዲት መስመር አለማንበብ የማኅበሩን ወተትና ስም አብራ ወሰደች።

ጫኝና አውራጅ በውጭ አገር

ዕቃ ማድረስም የራሱ ቃላት አሉት። ወደ ውጭ አገር ትርዒት የሚሄድ ተሳታፊ ዕቃውን ለ«ትራንዚተር» ይሰጣል። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር መስመር መነሻው ሰበታ ስለ ሆነ፤ ወደ ወደብ የሚወስደው መንገድ ለሰበታ ሰው ከደጁ ይጀምራል። የሆነ ሆኖ ዕቃው አዳራሹ በር ላይ ደረሰ ማለት ስታንዱ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም።

በአሜሪካን አገር ከአዳራሹ ማራገፊያ እስከ ስታንዱ ድረስ ዕቃን ለማድረስ የሚከፈል ገንዘብ «ድሬይጅ» ይባላል። ቃሉ ከከባድ ጭነት ጋሪ ስም የመጣ ነው። ሂሳቡም ብዙውን ጊዜ በ100 ፓውንድ፤ ማለት በ45 ኪሎ ግድም እየተመዘነ ይታሰባል። ይህን ያልሰማ ተሳታፊ ከመርከቡ ኪራይ ጋር ሊወዳደር የሚችል ሂሳብ ሲቀርብለት ይደነግጣል። የኢትዮጵያ ሰው ግን ሊደነግጥ አይገባውም፤ ድሬይጅ ማለት በእኛ ሠፈር ዕቃ ሲወርድ የሚጠየቀው የጫኝና አውራጅ ዋጋ ነው። ልዩነቱ እነሱ አስቀድመው በወረቀት ጽፈው ማስቀመጣቸው ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲጠይቁ «እስከ በሩ ነው ወይስ እስከ ስታንዱ?» ማለት ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ሌላው ቃል «ጊዜያዊ ማስገቢያ» ነው። ለመታየት ብቻ ድንበር ተሻግሮ ተመልሶ የሚወጣ ዕቃ ሙሉ ቀረጥ እንዳይከፈልበት የሚፈቀድ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው «ካርኔ» የተባለው ሰነድ ይህንኑ ሥርዓት በተቀበሉት አገሮች መካከል ያቃልላል፤ ካርኔ በፈረንሳይኛ ደብተር ማለት ነው። የሚሄዱበት አገር ምን ዓይነት ሰነድ እንደሚቀበል አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። እዚህም ላይ የማሳየትና የመሸጥ ልዩነት ተመልሶ ይመጣል፤ «ለማሳየት» ተብሎ የገባው ዕቃ በትርዒቱ ላይ ከተሸጠ ጊዜያዊነቱ ያበቃል፤ ቀረጥም ይጠየቅበታል።

ፕሮፎርማ ነው ወይስ ደረሰኝ?

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። አንድ ሰው የቆመበት ስፍራ ትርዒት ይሁን ባዛር ለማወቅ ቢፈልግ፤ በጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ይመልከት። በባዛር የሚቆረጠው ደረሰኝ ነው፤ ዕቃው ሄደ፤ ገንዘቡ መጣ፤ ነገሩ አለቀ። በትርዒት የሚሰጠው ግን ፕሮፎርማ ነው፤ ገና ምንም አልተሸጠም፤ ነገር ግን ትልቅ ሽያጭ በር አንኳኩቷል።

ይህን አንኳኪ የሙያው ሰዎች «ሊድ» ይሉታል። በአማርኛ «የገዢ ፍንጭ» ብንለው ይስማማል። ፍንጭ ማለት የመጣው ሰው ስም፤ ድርጅቱ፤ የሚፈልገው ዓይነትና ብዛት፤ የተሰጠውም ተስፋ ተጽፎ ሲገኝ ነው። በትርዒት ላይ ሦስት ቀን ቆሞ ያልጻፈ ሰው፤ ሦስት ቀን ዓሣ ሲያይ ውሎ መረብ ያልጣለ ሰው ነው።

የቡራዩን የእንጨት ሥራ ማኅበር እናስብ። ማኅበሩ «ኤግዚቢሽንና ባዛር» ተጠርቶ የሠራውን ወንበር ሁሉ በመኪና አስጭኖ መጣ እንበል። በአምስት ቀን 40 ወንበር ሸጠ፤ አባላቱም በደስታ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ሽማግሌ ቀርበው ወንበሩን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ለትምህርት ቤት 300 ዴስክ ብትጠየቁ በስንት ጊዜ ታደርሳላችሁ?» ብለው ነበር። ሻጩ ልጅ በዚያች ደቂቃ መልስ ለሌላ ገዢ ይቆጥር ስለ ነበረ «ጋሼ፤ ትንሽ ይጠብቁኝ» አላቸው። ቀና ሲል ሽማግሌው ሄደዋል። ስማቸውን የያዘ የለም፤ ከየት እንደ መጡም የጠየቀ የለም። ማኅበሩ 40 ወንበር መሸጡን ያውቃል፤ 300 ዴስክ ማጣቱን ግን አያውቅም። በሪፖርቱም ላይ «ተሳትፎው የተሳካ ነበር» ተብሎ ይጻፋል።

ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። ላኪዎቹ ሲልኩት «ሽጥ» አሉት እንጂ «አሳይና ጻፍ» አላሉትም። ሁለቱ ሥራዎች ባንድ ሰሌዳ ላይ ሲጠሩ፤ ቶሎ የሚታየው ሥራ ሩቁን ይውጠዋል። መድኃኒቱም ከባድ አይደለም፤ ሁለት ሰው መመደብ ነው። አንዱ ደረሰኝ ይቁረጥ፤ ሌላው ፍንጭ ይጻፍ፤ ፕሮፎርማም ይስጥ። ከዚያም ትርዒቱ በተዘጋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለተጻፈው ሰው ሁሉ ስልክ መደወል ወይም ደብዳቤ መጻፍ ያስፈልጋል። የሙያው ሰዎች ይህን «ክትትል» ይሉታል። ክትትል የሌለው ፍንጭ ውሃ ያልጠጣ ዘር ነው።

ባዛርን ለማንኳሰስ ይህን አልጻፍንም። አንድ ትንሽ ማኅበር ለዐውደ ዓመት የሚሆን ገንዘብ ማግኘቱ፤ እናቶችም ቅቤውንና በርበሬውን በቅናሽ መግዛታቸው ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ባዛር የሚለካው በዕለቱ በገባው ብር ነው፤ ትርዒት የሚለካው በሚቀጥለው ዓመት በሚመጣው ትእዛዝ ነው። ባንዱ ሚዛን ሁለቱን የሚመዝን ሰው አንዱን መበደሉ አይቀርም።

ለወጣቱ ሠራተኛ

እንግዲህ ነገ የግብዣ ደብዳቤ በጠረጴዛው ላይ የሚያርፍ ወጣት ምን ያድርግ? በመጀመሪያ «ይህ ማሳየት ነው ወይስ መሸጥ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «ሁለቱም ነው» ከሆነ ለሁለቱም ሰው ይመድብ። ሁለተኛ፤ ባዶ ቦታ ነው ወይስ ዝግጁ ስታንድ፤ የመብራቱ ሰዓት ስንት ነው፤ ጫኝና አውራጁ በማን ላይ ነው፤ የመንቀያው ሰዓት መቼ ነው ብሎ በጽሑፍ መልስ ይቀበል። የቃል መልስ በአዳራሽ ጫጫታ ውስጥ ይጠፋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ቃላቱን በራስ ቋንቋ መወሰን ነው። ዛሬ አንዱ አዘጋጅ «ስታንድ»፤ ሌላው «ቡዝ»፤ ሌላው «ቦታ» እያለ ውል ይጽፋል፤ አንዱ «ሙሉ» ሲል ከነግድግዳው ማለቱ ነው፤ ሌላው «ሙሉ» ሲል ከነግብሩ ማለቱ ነው። በእያንዳንዱ ውል መጀመሪያ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፈ አንድ ገጽ የቃላት መፍቻ ቢኖር፤ የሰበታው ፋብሪካም፤ የቡራዩው ማኅበርም፤ የሱሉልታው ወተት አምራችም ከአዘጋጁ ጋር በአንድ ዓይን ያያሉ። ይህን ገጽ ለመጻፍ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ማታና አንድ ትጉህ ሰው ይበቃል። ያገራችን ገበሬ «ዳስ» ሲል፤ ያገራችን ነጋዴ «ፕሮፎርማ» ሲል፤ ያገራችን ሠራተኛ «ጫኝና አውራጅ» ሲል ሁሉም ሰው ገብቶት ሳለ፤ በባዕድ ቃል ተሸፍኖ የሚመጣ ኪሣራን የምንቀበልበት ምክንያት የለም።

ተማሪውም ይህን ከአሁኑ ቢይዝ መልካም ነው። በሚቀጥለው በዓል ዋዜማ ወደ አዳራሽ ሲገባ ለራት የሚሆነውን ብቻ ከመግዛት ይልቅ ቆም ብሎ ይመልከት፤ የተርታውን ስታንድ ከደሴቱ ይለይ፤ ማን ደረሰኝ እንደሚቆርጥ፤ ማንስ ስም እንደሚጽፍ ያስተውል። የማየት ሥራ ከሁሉ በፊት ዓይኑን የሚጠቀም ሰው ይፈልጋልና።